ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ የድሮ የሬዲዮ ድራማ ለሳይንስ ተማሪ ምን ያስተምራል?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ብሂሉ ሰው ሌሎች ስለ እርሱ የሚያወሩትን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለመግለጽ የሚነገር ነው። እኛ ግን ዛሬ ይህን ብሂል ይዘን ወደ ፊዚክስ መማሪያ ክፍል ልንገባ ወደናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሚሆነው በሐሜት ጊዜ ብቻ አይደለምና። ጆሯችን የሰማውንና ከሰማው ተነሥቶ የገመተውን አደባልቆ ሁለቱንም «ሰማሁ» ብሎ ያቀርብልናል፤ እኛም ሳንመረምር እናምነዋለን።

ወደዚህ ሐሳብ የመራን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ፣ አመሻሽ ላይ፣ መገናኛ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፈን ነበር። በማግሥቱ ስለ ድምፅ ሞገድ የምናስተምረውን እያሰላሰልን ስለነበር፣ ዐይናችንን ጨፍነን በጆሯችን ብቻ አካባቢውን ለማወቅ ሞከርን። ሥራው ቀላል መሰለን። የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ሲዘጋ፣ ወያላው «ሃያት፣ ሃያት» እያለ ሲጣራ፣ ቀላል ባቡሩ ሐዲዱን እያፋጨ ሲያልፍ፣ ከኋላችን የቆሙት ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ፣ ሁሉም ያለ ዐይን ይታወቅ ነበር። ወዲያው በስተቀኛችን ጥቅጥቅ ያለ፣ እየበረታ የሚሄድ የዝናብ ድምፅ ተሰማን። ዐይናችንን ሳንገልጥ ጃንጥላችንን ዘረጋን። ከኋላችን ሳቅ ሲነሣ ዐይናችንን ብንከፍት በእንጦጦ በኩል ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዝናብ ብለን የሰማነው አንዲት እናት በጋለ ዘይት ውስጥ የጨመሩት ሳምቡሳ ኖሯል።

ያ ስሕተት ለእኛ እፍረት ነበር። ለሌሎች ግን ሙያና እንጀራ ሆኖ ኖሯል። እነዚህ ሌሎች፣ ቴሌቪዥን ቤቱን ሁሉ ሳይሞላ በፊት ሚሊዮኖችን በምሽት ሬዲዮ ዙሪያ ሰብስበው በፍርሃት ያንቀጠቀጡ የምስጢራዊ ድራማዎች ተዋናዮችና የድምፅ ማጀቢያ ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው፣ እነዚህ ሰዎች ትተውልን የሄዱት ጥበብ የድምፅ ፊዚክስን ለመማር ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የተሻለ ቤተ ሙከራ መሆኑን፣ እኛም መምህራን ይህን ሳናይ በመቅረታችን ተማሪዎቻችንን የበደልን መሆናችንን ለማሳየት ነው።

በጨለማ የተጀመረ ጥበብ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1924 ቢቢሲ ለሬዲዮ ተብሎ ከተጻፉት ድራማዎች ቀዳሚው እንደሆነ የሚነገርለትን «ዴንጀር» የተባለ ድራማ ከለንደን አስተላለፈ። ጸሐፊው ሪቻርድ ሂዩዝ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። አድማጩ ምንም እንደማያይ ያውቃልና፣ ታሪኩን መብራት በጠፋበት የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አደረገው። ስለዚህ ተዋናዩም አድማጩም እኩል በጨለማ ውስጥ ሆኑ። ድክመት የሚመስለውን ነገር የታሪኩ ምሰሶ አድርጎ መጠቀም ከዚያ ወዲህ የሙያው ሁሉ ምስጢር ሆነ።

በአሜሪካ ይህ ጥበብ ከፍ ወዳለ ደረጃ ደርሷል። «ሰስፔንስ» የተባለው ተከታታይ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1962 ድረስ በሲቢኤስ ሬዲዮ ዘልቋል። በዚሁ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1943 የቀረበው የሉሲል ፍሌቸር ድርሰት፣ አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ሴት በተጠላለፈ የስልክ መስመር የግድያ ሴራ ስትሰማ ይጀምራል። ሴራው የማንን ሕይወት ለማጥፋት እንደሆነ ሴትየዋ ቀስ በቀስ ይገባታል፤ አድማጩም አብሯት ይርዳል። ተዋናይቷ አግነስ ሙርሄድ ይህን ሁሉ የተጫወተችው በድምፅዋ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1952 የቆየው «ኢነር ሳንክተም» ደግሞ ሲጢጥ እያለ በሚከፈት በር ይታወቅ ነበር። አድማጩ ያን በር ሲሰማ ገና ምንም ቃል ሳይነገር ልቡ ይመታል።

በአገራችንም ጆሮ ሲያይ የኖረበት ዘመን ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ ጉዱ ካሣን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በየመልካቸው ያያቸው ይመስለው ነበር። ሁሉም ግን ከአንድ ሰው ጉሮሮ የወጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ የዛሬ ወላጆች ብዙዎቹ እየጠበቁ ይከታተሉት እንደነበር ያስታውሳሉ። እነዚህ የመርማሪ ታሪኮች አይደሉም። ሆኖም አድማጩ በድምፅ ፍንጭ ብቻ ሰውን፣ ቤትንና ቦታን እየገነባ እንዲከተል ማድረጋቸው ከምስጢራዊው ድራማ ጋር አንድ ያደርጋቸዋል።

ሴሎፎን እንዴት እሳት ይሆናል?

የድሮዎቹ የድምፅ ማጀቢያ ሠራተኞች እሳት ሲፈልጉ እሳት አያነዱም ነበር። ሴሎፎን ወረቀት በማይክሮፎኑ አጠገብ ቀስ ብለው ይጨብጣሉ። በበረዶ ላይ የሚራመድ ሰው ሲፈልጉ የበቆሎ ስታርች በከረጢት ሞልተው ይጫኑታል። ለነጎድጓድ ሰፊ ቆርቆሮ ያርገበግባሉ፤ ለፈረስ ኮቴ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ያጋጫሉ። ይህ ማታለል ነው ወይስ ሳይንስ?

የእንጨት እሳት ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ የታመቀ እርጥበትና ጋዝ በሙቀት ሲፈነዳ የሚፈጠሩ እጅግ አጫጭር ፍንጣቂዎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ፍንጣቂ የሚቆየው ጥቂት የሰከንድ ሺኛ ያህል ነው። አንድ ምት ባጠረ ቁጥር ኃይሉ በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ላይ እንደሚበተን የፎሪየርን ትንተና የተማረ ሁሉ ያውቃል። ሴሎፎን ሲጨበጥም እጥፋቱ በድንገት እየታጠፈና እየተቃና የሚያወጣው ድምፅ እንዲሁ አጭር፣ ድንገተኛና ሥርዓት የሌለው ነው። ዝናብና ጠብሶ ማውጣትም ዘመዳማቾች ናቸው፤ በአንዱ ጠብታዎች ገጽን ይመታሉ፣ በሌላው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ አረፋው ይፈነዳል። በመገናኛ የተሳሳትነው ጆሯችን ደክሞ አይደለም፤ የደረሰው ማስረጃ ሁለቱንም የሚፈቅድ ስለነበር ነው።

ነገሩ ተማሪዎች ከሚያውቁት ሒሳብ ጋር ይመሳሰላል። የአንድ ቁጥር ካሬ 9 ነው ቢባል ቁጥሩ 3 ወይም ከዜሮ በታች 3 ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እኩልታው አይነግረንም፤ ሌላ መረጃ ያስፈልጋል። ከምንጭ ወደ ድምፅ የሚወስደው መንገድ አንድ ሲሆን፣ ከድምፅ ወደ ምንጭ የሚመልሰው ግን ብዙ ነው። በድራማው ውስጥ ተዋናዩ «ብርዱ በረታ፤ እንጨት ጨምርበት» ሲል የጎደለውን መረጃ ሰጠን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሴሎፎኑ እሳት ነው። የቀድሞው የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮም ይረዳ ነበር፤ ጤናማ የወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ሲሰማ፣ እንዲህ ያለው ሬዲዮ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያሳልፍም ነበርና፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለዩት ስስ ምልክቶች በመንገድ ይቀሩ ነበር።

ለቅኔ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሴሎፎኑ ሰም፣ እሳቱ ወርቅ ነው። ልዩነቱ፣ በቅኔ ሰሚው ሁለቱንም እያወቀ ሲደሰት በሬዲዮ ግን ሰሙን የሚያውቀው ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

ሲጢጥ የሚለው በርም ለእኛ ቅርብ የሆነ ወንድም አለው፤ እርሱም ማሲንቆ ነው። ማጠፊያው በሰበቃ ይያዛል፣ ግፊቱ ሲበረታ ይለቀቃል፣ ተመልሶ ይያዛል። የማሲንቆው ደጋንም ጭራውን የሚይዘውና የሚለቀው በዚሁ ሕግ ነው። አንዱ ሲያስፈራ ሌላው የሚያስደስተው፣ የማሲንቆው መያዝና መልቀቅ በጭራው ንዝረት ሥርዓት ሲይዝ የበሩ ግን እንደ እጁ ፍጥነት ስለሚዋዥቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ከውጭ በቀጥታ ልንቀዳ አንችልም። የበቆሎ ስታርች በረዶ የሚሆነው በረዶ ላይ ተራምዶ ለሚያውቅ ሰው ነው። የየካ ልጅ ይህን ቢሰማ ሰው ዱቄት እየረገጠ ነው ሊል ይችላል፤ አልተሳሳተምም። የእኛ ጆሮ የሚያስታውሰው የቆርቆሮ አጥር በር ሲንኳኳ፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ የአህያ ኮቴ አስፋልት ሲረግጥ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲንሿሿ ያለውን ነው። ኮኮናት ባይኖረን ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል አለን።

አንድ ጉሮሮ፣ ብዙ ሰው

አሁን ወደ ወጋየሁ ጉሮሮ እንመለስ። የሰው ድምፅ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የሚርገበገቡት የድምፅ ዐውታሮችና ከእነርሱ በላይ እስከ ከንፈር የሚደርሰው ቱቦ። የአዋቂ ወንድ ቱቦ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ አድርገን ብንወስደውና የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብንል፣ የመጀመሪያው ሬዞናንስ 340 ለ0.68 ሲካፈል 500 ኸርዝ ይሆናል፤ ቀጣዮቹ 1,500 እና 2,500 ናቸው። ተዋናዩ ማንቁርቱን ዝቅ፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ ቱቦውን ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ቢያረዝመው የመጀመሪያው ወደ 447 ኸርዝ ይወርዳል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ ነገር ግን አድማጩ ገላው የገዘፈ፣ ደረቱ የሰፋ ባላባት ይታየዋል። ሴት ገጸ ባሕርይ ስትመጣም ጎበዝ ተራኪ ድምፁን አቅጥኖ አይጮኽም። ፍጥነቱን፣ ትንፋሹንና የቃሉን ማረፊያ ይለውጣል፤ የቀረውን የእኛ ጆሮ ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ጥበብ ርቀት ነው። በገላጣ ቦታ ከድምፅ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በስቱዲዮዎች የተስፋፋው ሪባን ማይክሮፎን ደግሞ ከፊትና ከኋላ የሚመጣውን እየሰማ ለጎኑ ደንቆሮ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተዋናዩ «ደኅና እደሩ» ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ለአድማጩ ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። በጣም ሲጠጋው ደግሞ ማይክሮፎኑ ወፍራሙን የድምፁን ክፍል ያጎላዋልና፣ ሹክሹክታው በጆሯችን ውስጥ የተነገረ ይመስላል። በስልክ የሚናገረው ሰው ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል እንዲወሰን ይደረጋል፤ አድማጩም ማንም ሳይነግረው «ይህ ሰው ሩቅ ነው» ይላል።

የራሳችንን ድምፅ ተቀርጾ ስንሰማ «ይህማ እኔ አይደለሁም» የምንለውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ስንናገር ድምፃችን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ወደ ውስጥ ጆሯችን ይደርሳል። መቅረጫው የሚያውቀው የአየሩን ብቻ ነው። እንግዲህ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ቃል በዚህ ረገድ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ይገኛል።

«ይህ ጨዋታ እንጂ ፊዚክስ አይደለም»

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ግድግዳው ሁሉ ድምፅ በሚመጥ ስፖንጅ የተሸፈነ፣ ሰው የራሱን የልብ ምት የሚሰማበት ክፍል ውስጥ ገብተን ነበር። ወደ አገራችን ስንመለስ ያ ክፍል በልባችን ቀርቶ ነበርና፣ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራዬን በድምፅ ሳይንስ ላይ ልሥራ ቢለን «መሣሪያ የለንም» ብለን መለስነው። ርእሱን ቀየረ፤ በጥሩ ውጤትም ተመረቀ። ነገር ግን ዛሬ ስናስበው፣ የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን የእኛ ዐይን ነበር።

ይህን ለማካካስ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር የ10 ደቂቃ ምስጢራዊ ድራማ ለመሥራት ተነሣን። ታሪኩ በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ስለጠፋ ተማሪ ነበር። መጀመሪያ እውነተኛ የከሰል እሳት ቀረጽን፤ ላልነገርናቸው ጓደኞቻቸው ስናሰማ አንዱ ወረቀት ነው፣ ሌላው የሬዲዮ ብልሽት ነው አለ። ሴሎፎኑን ስናሰማቸው ግን ሁሉም እሳት አሉ። ቀጥሎ በተራራው ላይ የሚጣራውን ሰው የገደል ማሚቶ መሥራት ነበረብን። አንዱ ተማሪ ማሚቶውን በ0.1 ሰከንድ ብቻ አዘገየው። ሰውየው ጉድጓድ የገባ መሰለ። አስልተን ስናየው ድምፁ 34 ሜትር ተጉዞ ተመለሰ ማለት ነው፤ ገደሉ 17 ሜትር ብቻ ይርቃል። መዘግየቱን 1 ሰከንድ ስናደርገው ገደሉ 170 ሜትር ርቆ ተራራው ተራራ ሆነ። «የእንጦጦ አየር ስስ ስለሆነ ድምፅ አይዘገይም ወይ?» የሚል ጥያቄም ተነሣ። መልሱ አይዘገይም ነው፤ የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይወሰንም። ይህን ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፈናል፤ የጠየቀን ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ክፍሉ ነበር። ጫካ ውስጥ የማይገኝ የግድግዳ ነጸብራቅ በንግግሩ ሁሉ ላይ ተጣብቆ ገደለብን። የሳቢንን ቀመር አወጣን። ክፍሉ 10 በ8 በ3.5 ሜትር፣ ይዘቱም 280 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ልስን ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል በመሆኑ መጣጭነቱን ወደ 20 ካሬ ሜትር ገመትነው። 0.161 በ280 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 2.25 ሰከንድ ይሰጣል። ይህ ለመዝሙር እንጂ ለጫካ አይሆንም። ተማሪዎቹ ከየማደሪያቸው ብርድ ልብስና ጋቢ አምጥተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፤ ይህ 25 ካሬ ሜትር ያህል ቢጨምር ጊዜው ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። እርሱም አልበቃም፤ በመጨረሻ ተዋናዮቹ ራሳቸውን ጋቢ ተከናንበው ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉ። ያኔ ጫካው መጣ። ዋላስ ሳቢን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በሃርቫርድ ድምፁ 5.5 ሰከንድ ያህል የሚያስተጋባ አዳራሽ እንዲያስተካክል ሲጠየቅ የተመራመረው ከሌላ አዳራሽ በተሸከሙት የመቀመጫ ትራሶች እንደነበር ስንነግራቸው፣ ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን በአዲስ ዐይን አዩት።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ይህ ጨዋታ እንጂ ፊዚክስ አይደለም» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ሴሎፎን መጨበጥ ብቻውን ማንንም ፊዚክስ አያስተምርም። ነገር ግን ፍጥነት የድግግሞሽና የሞገድ ርዝመት ብዜት መሆኑን በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ፣ የአንድ ሰው እርምጃ በቤተ ክርስቲያን ውስጥና በመኝታ ቤት ውስጥ ለምን እንደሚለያይ መናገር ካቃተው ያወቀው ምንድን ነው? ድራማው ስሕተትን ወዲያው ያጋልጣል። ቀመሩ ከተሳሳተ አድማጩ ይስቃል።

የተሰማና የተገመተ

ይህ ጉዳይ ከፈተና ውጤት ያለፈ ነገርም አለው። ዛሬ ኮምፒዩተሮች ከአጭር ቅጂ ተነሥተው የአንድን ሰው ድምፅ አስመስለው ያልተናገረውን ሊያናግሩት ይችላሉ። የእናቱን ድምፅ በስልክ ሰምቶ «ገንዘብ ላክልኝ» የተባለ ወጣት ፊት የተደቀነው የድሮው የሴሎፎን ጥያቄ ነው። ስልኩ ማስረጃውን አጥብቦታል፤ «ታምሜአለሁ» የሚለው ቃል የጎደለውን መረጃ ሞልቶታል፤ ጆሮም ፍርዱን ሰጥቷል። የድሮው ድራማ አድማጭ በፈቃዱ ተታለለ፤ የዛሬው ግን ሳይጠየቅ ይታለላል። የሠለጠነ ጆሮ ሁልጊዜ ሐሰትን ይለያል ብለን አንዋሽም። የሠለጠነ ጆሮ የሚያውቀው የሰማው ምን ያህል፣ የገመተው ምን ያህል እንደሆነ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስልኩን ዘግቶ እናቱ ዘንድ መልሶ ይደውላል።

ለዚህ ትምህርት መጽሐፎቻችን የድሮ ቅጂዎች ናቸው። መግነጢሳዊ ቴፕ ግን ዕድሜ አለው፤ የብረት ኦክሳይዱን የሚይዘው ሙጫ እርጥበት እየመጠጠ ይበላሻል፣ የሚያጫውተው ማሽንም እየጠፋ ነው። ስለዚህ የድሮ ድራማና ትረካ ቅጂ በእጁ ያለ ተቋምም ሆነ ቤተሰብ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል ቢያዛውረው፣ የሳይንስ ፋኩልቲዎችም በዚህ ሥራ ተማሪዎቻቸውን ቢያሰማሩ መልካም ነው እንላለን።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። መገናኛ በስሙ የመንገዶች መገናኛ ነው፤ የድምፆችም መገናኛ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ንብረታችሁን እርሱ ይጠብቅላችሁ። ለአምስት ደቂቃ ዐይናችሁን ጨፍኑ። ከዚያም በደብተራችሁ ሁለት ዓምድ ሠርታችሁ በአንዱ «የሰማሁት»፣ በሌላው «የገመትሁት» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ዓምድ ምን ያህል አጭር፣ ሁለተኛው ምን ያህል ረጅም እንደሚሆን ስታዩ ትደነቃላችሁ። መርማሪውም ሳይንቲስቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ሰንጠረዥ ነው። ጃንጥላ ግን ሰማዩን ሳታዩ አትዘርጉ።